ሳይተን ቦርድ ለኢአርፒ ጥናት፦ ቮልቴጁ ይታመናል፣ ሰዓቱ ግን ይጠረጠራል

ለአንድ ሰው ሰማያዊና ቀይ ክብ እያፈራረቁ ስክሪን ላይ ያሳዩት። ቀዩ ከአምስት አንዴ ብቻ ብቅ ይበል፣ እሱም ቀዩን በልቡ ይቁጠር። ቀዩ ከታየ በኋላ ከ300 እስከ 600 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ፣ ከአናት ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ ባለው የራስ ቆዳ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ማይክሮቮልት የሚደርስ ሞገድ ይነሳል። ስሙ ፒ3 ነው። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ አንጎል ያየውን ነገር ለይቶ ለመመደብ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ለማጥናት ከሚያገለግሉት ምልክቶች ዋነኛው ነው። ከአንድ ክስተት ጋር በጊዜ የተሳሰረ እንዲህ ያለ የአንጎል የኤሌክትሪክ ምላሽ በጥቅሉ ኢአርፒ ይባላል። እዚህ የሚገመገመው ኦፕንቢሲአይ የሚያመርተው ሳይተን ነው፤ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ ባለ 8 ቻናል ሰሌዳ። ጥያቄው፣ ለትልቅ ላብራቶሪ ታስቦ ያልተሠራ ይህ ዕቃ ለኢአርፒ ጥናት ይበቃል ወይ የሚል ነው።

ቁርጡን መጀመሪያ መናገር ይሻላል። ቮልቴጅ በመለካት በኩል ይበቃል፣ ያውም ተርፎት። ጉዱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ቦርዱን ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ከራሱ ሶፍትዌር ጋር አገናኝቶ፣ «ሥዕሉ አሁን ታየ» የሚለውን ምልክት ከኮምፒውተሩ በፕሮግራም የሚመዘግብ ሰው ፒ3ን ያያል፤ ፈጣኖቹን ሞገዶች ግን በገዛ እጁ ያደበዝዛቸዋል። ያንኑ ምልክት በሽቦ ወይም በብርሃን ወደ ቦርዱ እግሮች (ሽቦ ወደሚገናኝባቸው ፒኖች) ያስገባ ግን፣ ለተማሪም ለተመራማሪም የሚሆን እውነተኛ መሣሪያ ይኖረዋል።

ቮልቴጁ

የሳይተን ልብ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤዲኤስ1299 ቺፕ ነው። ለአንጎል ኤሌክትሪክ ተብሎ የተነደፈ ባለ 24 ቢት መለኪያ ሲሆን፣ አምራቹ የሰጠው የራሱ ሁከት በ70 ኸርዝ ክልል ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ማጉያው በ24 እጥፍ ሲሠራ አንዷ የቁጥር እርምጃ 0.02235 ማይክሮቮልት ትሆናለች፤ የሚለካውም ክልል ከዜሮ ግራና ቀኝ 187.5 ሚሊቮልት ነው። ኢአርፒ ፈላጊውን የሚያስቸግረው ሁከት ከቺፑ አይመጣም። የሚመጣው ከራሱ ከአንጎሉ የጀርባ እንቅስቃሴ፣ ከአንገትና ከመንጋጋ ጡንቻ፣ ከዓይን እርግብግቢትና ከላብ ነው። በአንድ ሙከራ ውስጥ 15 ማይክሮቮልት የሚደርስ የጀርባ ሁከት ካለ፣ 40 ሙከራዎች ሲማከሉ በ40 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ6.3 ተካፍሎ ወደ 2.4 ይወርዳል። 10 ማይክሮቮልት የሆነ ፒ3 ከዚያ በላይ ጎልቶ ይታያል። ዋጋው ብዙ እጥፍ የሆነ ማጉያ ቢገዛ ይህ ስሌት እምብዛም አይለወጥም።

ሁለት ጠባዮቹን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ቦርዱ ዘገምተኛውን ቮልቴጅ አይቆርጥም። ይህ ለፒ3 መልካም ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሮዶቹ በተፈጥሯቸው የሚፈጥሩት ቋሚ ቮልቴጅም አብሮ ይገባል። የወርቅ ቅብ ኤሌክትሮድን ከብር ክሎራይድ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ክልክል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሁለቱ ብረቶች የሚፈጥሩት ልዩነት ብቻውን ክልሉን ሊሞላውና ቻናሉን ጣሪያ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን ቻናል በማስጠንቀቂያ ያሳያል። ሁለተኛው፣ በ250 ኸርዝ ሲቀዳ የቺፑ ማጣሪያ ጉልበቱን የሚያሳየው ከ65 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ፣ የመብራት መስመሩ 50 ወይም 60 ኸርዝ ሁከት ብዙም ሳይቀነስ ያልፋል። ኋላ ከ30 ኸርዝ በላይ ያለውን በሚቆርጥ ማጣሪያ ይጠፋልና ብዙ አያስፈራም።

ሰዓቱ

ሳይተን በየ4 ሚሊሰከንዱ አንድ ናሙና ይለካል፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ይልከዋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካው ትንሽ የዩኤስቢ ተቀባይ፣ ዶንግሉ፣ ይቀበለዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዶንግሉ ውስጥ ያለው የዩኤስቢ ቺፕ በዊንዶውስ ላይ ሳይነካ ከተተወ ዳታውን ለማድረስ እስከ 16 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ናሙናዎቹ ጠብ ጠብ ማለታቸው ይቀርና በጅምላ ይደርሳሉ። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በዚያ ፖርት የላቀ ማስተካከያ ገብቶ ይህን ቁጥር ወደ 1 ማውረድ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ሬዲዮው ራሱ ግን የጠፋበትን ፓኬት ደግሞ ስለሚልክ መዘግየቱ አንዴ ሲረዝም አንዴ ሲያጥር ይኖራል።

መዘግየቱ ሁልጊዜ እኩል ቢሆን ቀንሶ መተው ይቻል ነበር፤ የሚያበላሸው መዋዠቁ ነው። የመዋዠቁ መጠን በስታንዳርድ ዴቪዬሽን 10 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ እንደ ፒ3 ባለ በ2 ኸርዝ አካባቢ በሚዋኝ ሰፊ ሞገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከ1 በመቶ አይበልጥም። ሥዕል እንደታየ ከፒ3 ቀድመው በሚነሱት፣ በ10 ኸርዝ አካባቢ በሚሮጡት ፒ1ና ኤን1 በሚባሉ ሞገዶች ላይ ግን ቁመታቸውን ወደ 82 በመቶ ያወርደዋል። መዋዠቁ 20 ሚሊሰከንድ ሲደርስ ፒ3 አሁንም 97 በመቶው ይተርፋል፣ ፈጣኖቹ ግን ከግማሽ በታች፣ ወደ 45 በመቶ ይወርዳሉ። «ፒ3 ስላየሁ መሣሪያዬ ደህና ነው» የሚለው ማረጋገጫ ምንም የማያረጋግጠው ለዚህ ነው። ፒ3 ይቅር ባይ ሞገድ ነው፣ የሰዓትን ጉድለት ይሸፍናል።

ሌላም አለ። የቺፑ የውስጥ ሰዓት ትክክለኛነት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በ0.5 በመቶ ውስጥ ነው። 250 ኸርዝ የተባለው 249 ወይም 251 ቢሆን ቺፑ ከተሰጠው መለኪያ አልወጣም። በ10 ደቂቃ ቅጂ ይህ ሲጠራቀም እስከ 3 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የናሙናውን ተራ ቁጥር በ250 አካፍሎ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ለማስታረቅ የሚሞክር ሰው መጀመሪያ ላይ ተስማምቶለት መጨረሻ ላይ ይስታል። ውጤቱም መጥፎ ሞገድ እንኳ አይሆንም፣ ባዶ መስመር ነው።

መድኃኒቱ ያለው በቦርዱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ከ8ቱ ቻናሎች ሌላ 6 ባይት ትርፍ ቦታ አለው። ሳይነካ ሲተው የእንቅስቃሴ መለኪያው ዳታ ይሄድበታል። «/3» የሚል ትእዛዝ ሲላክለት ግን በዚያ ቦታ የዲጂታል እግሮቹን፣ «/2» ሲላክለት የአናሎግ እግሮቹን ንባብ ከአንጎሉ ዳታ ጋር በአንድ ፓኬት ያሽጋል። ብሬንፍሎው በሚባለው የፕሮግራም ላይብረሪ የሚሠራ ሰው ትእዛዙን በፕሮግራሙ ውስጥ ይልካል፤ የቦርዱን የራሱን ሶፍትዌር የሚጠቀም ደግሞ ዲጂታል ሪድ የሚለውን መስኮት ከፍቶ በውስጡ ማብራት ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ ሬዲዮው ቢዘገይ፣ ዩኤስቢው ቢያንቀላፋ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ቢይዘው ግድ የለም፤ ምልክቱና የአንጎሉ ናሙና አብረው ተጉዘዋል። የሚቀረው ስህተት የናሙናው የ4 ሚሊሰከንድ ስፋት ብቻ ነው፤ መዋዠቁም በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከ1.2 ሚሊሰከንድ አያልፍም።

ሽቦ ከመዘርጋት በፊት ቀላል ፍተሻ አለ። ዲ17 የሚባለው እግር ቦርዱ ላይ ካለው ፕሮግ ከሚለው ቁልፍ ጋር የተያያዘ ነው። «/3» ልኮ ቁልፉን ሲጫኑ ቁጥሩ ከ0 ወደ 1 ካልተቀየረ ትእዛዙ አልደረሰም ማለት ነው።

ትሪገሩን (የ«አሁን ታየ» ምልክቱን) ስለማስገባት

ሳይተን የሚረዳው 3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚያወጣ ማይክሮኮንትሮለር በቀጥታ ማገናኘት እግሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ከዚህ የባሰው ግን የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። ቦርዱ በባትሪ የሚሠራው ተጠኚው ራስ ላይ ያለው ሽቦ ከግድግዳው መብራት ጋር ምንም ግንኙነት እንዳይኖረው ነው። ከግድግዳ ከተሰካ ኮምፒውተር የመጣ አንድ የትሪገር ሽቦ ይህን መከላከያ ያፈርሰዋል። የመብራት ሁከቱም ወዲያው ይጨምራል፤ ለሁከቱ ማጣሪያ አለው፣ ለሰውየው ግን የለውም።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው። አንዱ ኦፕቶካፕለር ነው፣ ማለትም ሁለቱን ወገኖች በሽቦ ሳያገናኝ ምልክቱን በውስጡ በብርሃን የሚያሻግር ቺፕ፤ 4ኤን35 ይበቃል። በላኪው በኩል ከ5 ቮልቱ እግር በ330 ኦም ሬዚስተር ወደ ኤልኢዲው፣ በተቀባዩ በኩል ደግሞ ከቦርዱ 3.3 ቮልት በ10 ኪሎኦም ወደ ዲ12 እና ወደ ትራንዚስተሩ ሰብሳቢ እግር ይሄዳል፤ የትራንዚስተሩ ሌላ እግር ቦርዱ ግራውንድ ላይ ያርፋል። እንዲህ ሲገጠም ንባቡ ይገለበጣል፦ ዝም ሲል 1፣ ምልክት ሲመጣ 0። ይህን ረስቶ የምልክቱን መጨረሻ እንደ መጀመሪያ የቆጠረ ሰው ሞገዶቹ ሁሉ በምልክቱ ርዝመት ልክ ቀድመው ይታዩታል። ምልክቱ ከ4 ሚሊሰከንድ ካጠረ በሁለት ናሙና መካከል ሾልኮ ሊያመልጥ ይችላል፤ 20 ሚሊሰከንድ አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛውና የሚመረጠው ብርሃን ነው። ሥዕሉ በሚወጣበት ፍሬም ላይ በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን ይውጣ፤ ላዩ ላይ ፎቶትራንዚስተር ይለጠፍ። ሰብሳቢው ከቦርዱ 3.3 ቮልት፣ ሌላው እግሩ ከኤ6 ጋር፣ ከዚያው ነጥብ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም። ትእዛዙ «/2» ነው። ኃይሉን ከቦርዱ ባትሪ ስለሚወስድ በመካከሉ የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ነው። የሚመዘግበውም ፕሮግራሙ «አሳይ» ያለበትን ጊዜ ሳይሆን ስክሪኑ በእርግጥ ያሳየበትን ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ብርሃን ሲያርፍበት ኦሙ የሚቀንሰው ፎቶሬዚስተር ግን አይሆንም፤ ለመንቃትም ለመተኛትም አሥር አሥር ሚሊሰከንዶች ይፈጅበታል። አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፦ 60 ኸርዝ የሆነ ስክሪን ከላይ ወደ ታች ለመሳል ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሴንሰሩ ላይኛው ጥግ፣ ሥዕሉ መሃል ከሆነ በመካከላቸው ወደ 8 ሚሊሰከንድ ልዩነት አለ። ቋሚ ስለሆነ መቀነስ ይቻላል፣ ማወቅ ግን ግድ ነው።

ተጠኚው ቁልፍ እንዲጫን ከተፈለገም የኮምፒውተሩ ኪቦርድ አይታመንም። ተራ ቁልፍ በቦርዱ 3.3 ቮልትና በዲ18 መካከል አስገብቶ፣ ከዲ18 ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም ማሰር ነው። ስህተት በሠራ ቅጽበት፣ ከመጫኑ በኋላ በ50 ሚሊሰከንድ አካባቢ በግንባርና በአናት መካከል ብቅ የሚለውን ኢአርኤን የሚባል ሞገድ ያለዚህ ለመያዝ መሞከር ድካም ነው።

8 ቻናል እንዴት ይከፋፈላል?

ለፒ3 ጥናት የሚያዋጣው አደላደል ይህ ነው፦ ኤፍዜድ፣ ሲዜድና ፒዜድ (በራስ መሃል መስመር ከግንባር ወደ ኋላ የሚሄዱ ነጥቦች)፣ ፒኦ7ና ፒኦ8 (ከራስ ኋላ በግራና በቀኝ)፣ ከቀኝ ጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት፣ ከቀኝ ዓይን በታች፣ እና ስምንተኛው ለዓይን የጎንዮሽ እንቅስቃሴ። ኤስአርቢ2 የሚባለው የጋራ ሪፈረንስ፣ ማለትም የሌሎቹ ቮልቴጅ የሚነጻጸርበት ነጥብ፣ ከግራ ጆሮ ጀርባ ይሆናል፤ የጋራ ሁከትን የሚቀንሰው ባያስ የሚባለው ኤሌክትሮድ ግንባር ላይ። ሪፈረንሱ አንድ ጎን ላይ መሆኑ ሥዕሉን እንዳያጋድል ኋላ ከእያንዳንዱ የራስ ቆዳ ቻናል የቀኝ ጆሮውን ግማሽ መቀነስ ይበቃል፤ ያኔ ሪፈረንሱ የሁለቱ ጆሮዎች አማካይ ይሆናል። ስምንተኛውን ቻናል ከኤስአርቢ2 በቅንብር ነጥሎ ሁለቱንም እግሮቹን ከግራና ከቀኝ ዓይን ዳር ማገናኘት ይቻላል። ይህ ሳይተን ካሉት ብልሃቶች አንዱ ነውና ሁለት ቻናል ማባከን አያስፈልግም።

ገና ከመቀዳቱ በፊት ተጠኚው አምስት ጊዜ ዓይኑን ያርገብግብ። እርግብግቢቱ ኤፍዜድ ላይ ወደ ላይ፣ ከዓይን በታች ደግሞ ወደ ታች መታየት አለበት። ከተገለበጠ የዳታው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተገልብጧልና በሲቀነስ 1 ማባዛት ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ፒ3ን እንደ ቁልቁለት አይቶ አዲስ ነገር ያገኘ ሊመስለው ይችላል።

ኤሌክትሮድ አቀማመጥ ላይ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው በትክክል ይሠራል። ጸጉሩ ተከፍሎ ቆዳው ይታይ፣ በአልኮል ይጠረግ፣ በሚፍቅ ጄል በቀስታ ይታሽ፣ ከዚያ ፔስቱ ይሞላ። ጥቅጥቅ ያለ ወይም የተጎነጎነ ጸጉር ቆቡን ከቆዳው ያነሳዋል፤ በእንዲህ ያለ ራስ ላይ ቆቡን ትቶ ነጠላ ኩባያ ኤሌክትሮዶችን በጉንጉኑ መካከል ባለው መስመር ላይ በፔስት ማጣበቅ ይሻላል። ፔስት ሲበዛ ሁለት ጎረቤት ኤሌክትሮዶች ይገናኙና ሁለቱ ቻናሎች እንደ መንታ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ ከ10 ኪሎኦም በታች ይውረድ። ሳይተን ይህን የሚለካው 6 ናኖአምፒር የሆነች ጅረት በ31 ኸርዝ አካባቢ በመላክ ነው። ፍተሻው ካለቀ በኋላ መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልጠፋ በዳታው ውስጥ ያለማቋረጥ የሚዘፍን 31 ኸርዝ ይቀራል።

አብሮት የሚሸጠው ኡልትራኮርቴክስ የሚባለው በደረቅ ኤሌክትሮድ የሚሠራ ቆብ ለመልበስ ፈጣን ነው፣ ለማሳያም ያምራል። ለኢአርፒ ግን አይመከርም። ደረቅ እሾሁ ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ ነው፣ በዝግታ ይንሸራተታል፣ ግማሽ ሰዓት ሲቆይም ይቆረቁራል፤ የተቆረቆረ ሰው ደግሞ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ያ ሁሉ ጡንቻ ቅጂው ውስጥ ይገባል።

ከተቀዳ በኋላ

ሶፍትዌሩ የሚያስቀምጠው ፋይል ያልተጣራ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ማጣሪያ ለዓይን ብቻ ነው፣ ይህም ደግ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት የፓኬቱ ተራ ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 255 እየቆጠረ ይመለሳል፤ ከዘለለ ናሙና ጠፍቷል። የጠፋ ናሙና ያለበት ሙከራ ይጣል፤ ብዙ ከጠፋ ዶንግሉን በማስረዘሚያ ገመድ ከኮምፒውተሩ አርቆ ወደ ቦርዱ ማስጠጋት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

ከዚያ የእያንዳንዱ ቻናል አማካይ ይቀነስ፣ ቀጥሎ ሳይቆራረጥ ባለው ሙሉ ቅጂ ላይ ከ0.1 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ይሂድ። አማካዩ ሳይቀነስ ከተጣራ ማጣሪያው ጫፍ ላይ ለረጅም ሰከንዶች ይወዛወዛል፤ ከመጀመሪያው ሥዕል በፊት 30 ሰከንድ ባዶ መቅዳትም የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። ቅጂው እንዲያምር ብሎ ማጣሪያውን ወደ 1 ኸርዝ ማሳደግ ፒ3ን ይቆርጠዋል፣ ከግራና ከቀኙም የሌለ የተገለበጠ ሞገድ ይፈጥራል። ከሥዕሉ 200 ሚሊሰከንድ በፊት እስከ 800 በኋላ ይቆረጥ፣ የቅድመ ሥዕሉ አማካይ ይቀነስ፣ 100 ማይክሮቮልት ያለፈበት ሙከራ ይጣል። የዓይንን ሁከት በአይሲኤ (የተቀላቀሉ ምንጮችን በሚነጣጥል ስሌት) መለየት የለመደ ሰው በ8 ቻናል ብዙ እንደማያገኝ ይወቅ፤ በዓይን ቻናሎቹ ሪግሬሽን መቀነስ ይሻለዋል።

የሙከራው ብዛት 200፣ ከዚያ ውስጥ 40 ቀይ ቢሆን፣ በሥዕሎቹ መካከል ያለው ጊዜም ከ1.2 እስከ 1.6 ሰከንድ እየተቀያየረ ቢሄድ፣ ሁሉም በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ጊዜው መቀያየሩ ለጌጥ አይደለም፤ እኩል ከሆነ የመብራቱ ሁከትና በ10 ኸርዝ የሚዋኘው አልፋ የሚባል የአንጎል ሞገድ ከሥዕሉ ጋር ሊገጥሙና በማማከል የማይጠፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምን ይጠናበታል፣ ምን አይጠናበትም

ፒ3፣ ኢአርኤን፣ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት በአናት ግራና ቀኝ ባሉት በሲ3ና በሲ4 መካከል የሚታየው የዝግጅት ልዩነት፣ ትርጉሙ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር የማይሄድ ቃል ሲነበብ የሚመጣው ኤን400፤ እነዚህ ሁሉ በ8 ቻናል በደንብ ይሄዳሉ። ትኩረት ወደ የትኛው ጎን እንደዞረ የሚያሳየው ኤን2ፒሲም ይሄዳል፣ ምክንያቱም በመሠረቱ የፒኦ7ና የፒኦ8 ልዩነት ነው። ነገር ግን ዓይን በ1 ዲግሪ ሲንቀሳቀስ በዓይን ዳሩ ቻናል ላይ 16 ማይክሮቮልት ገደማ ስለሚያመጣ፣ ዓይኑን የማይገታ ተጠኚ ጥናቱን ያፈርሰዋል። ከሚደጋገም ድምፅ መካከል የተለየ ድምፅ ሲሰማ የምትነሳው ኤምኤምኤን ከ1 እስከ 3 ማይክሮቮልት የምትሆን ትንሽ ሞገድ ስለሆነች ቢያንስ 200 የተለየ ድምፅ ትፈልጋለች፤ ትዕግሥት ካለ ትገኛለች።

ፊት ሲታይ የሚነሳው ኤን170 ላይ ግን ሳይተን ይቸገራል። ሞገዱ የሚነሳው ለጆሮው ጀርባ ቅርብ ስለሆነ በዚያ ያለው ሪፈረንስ ራሱ ይበላዋል። መፍትሔው የመላውን ራስ አማካይ ሪፈረንስ ማድረግ ነበር፤ 8 ነጥብ ደግሞ መላውን ራስ አይወክልም። ሞገዱ ከአንጎል የት እንደተነሳ ለመገመት የሚፈልግም ሌላ መሣሪያ ይፈልግ።

ዴዚ የሚባለው ተደራቢ ቦርድ ቻናሉን 16 ያደርጋል፤ በሬዲዮ ሲላክ ግን ፍጥነቱ ወደ 125 ኸርዝ ይወርዳል፣ የናሙናው ስፋትም 8 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ለኤን400 ምንም አይል፣ ለፒ1 ግን ይጎዳል። ሬዲዮው በምንም መንገድ ከ250 ኸርዝ በላይ ስለማይሸከም፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ በቦርዱ ላይ ባለው የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ መቅዳት ይችላል። ባትሪው 4 ባለ ሁለት ኤ ድንጋይ ነው፤ ከ6 ቮልት አይለፍ፣ ከግድግዳ ከሚሰካ ቻርጀር ጋርም ተጠኚ ላይ እያለ ፈጽሞ አይገናኝ። ለሕክምና የተፈቀደ ዕቃ አይደለም፤ የሚጥል በሽታም ሆነ ሌላ ሕመም በእሱ አይመረመርም።